ገበያው ሲወርድ በግ ይዞ መቆየት፦ የመቁረጫ ዋጋና እልህ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ል. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ገበያቸው ዛሬም የየመንገዳቸው ነው፤ ሰበታ የጅማን፣ ቡራዩ የአምቦን፣ ሱሉልታ የጎጃምን መስመር ይዘዋል። በእነዚህ ከተሞች ለዐረፋ በግ አስገብተው የሚሸጡ ወንድሞች የሚፈተኑት ዋጋው ሲወርድ ነው። ይሽጡ ወይስ ይጠብቁ?

የመቁረጫ ዋጋ የምንለው ነጋዴው ገና ሲገዛ «ከዚህ ከወረደ ኪሳራዬን ችዬ እሸጣለሁ» ብሎ የሚይዘውን ዋጋ ነው። ገበያ መሐል ቆመን እናስብበት ካልን የሚወስንልን እልህ ነው።

20 በግ እያንዳንዱን በ10,000 ብር የገዛ ሰው መቁረጫውን 9,500 ቢያደርግ ከግዢው የሚያጣው 10,000 ብር ነው። «ትናንት 11,000 ሰጥተውኝ እንቢ ብዬ ዛሬ በ9,500?» ብሎ ቢጠብቅስ? ለድርቆሽ፣ ለፉርሽካና ለጠባቂ በቀን ለአንድ በግ 50 ብር ቢያወጣ በአሥር ቀን ሌላ 10,000 ይሄዳል፤ ያውም ዋጋው ባለበት ከቆመ።

የዐረፋ ገበያ የጊዜ መቁረጫም አለው። ኡድሒያ ከዒድ ሶላት በኋላ ይታረዳል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ እስከ ዙልሒጃ 13 ፀሐይ መግቢያ፣ በሐነፊይ እስከ 12። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ገዢ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። በጉም ባለበት አይቆይም። በሽታው ወይም አንካሳነቱ ግልጽ የሆነ፣ ከስቶ ያለቀ በግ ለኡድሒያ እንደማይበቃ በሐዲስ ተነግሯል፤ ከረጅም ጉዞ በኋላ ጭቃ ላይ የሰነበተ መንጋ ደግሞ ወደዚያው ነው የሚሄደው።

ከሁሉ የምንፈራው «አማካዩን ላውርድ» ብሎ በርካሽ ሌላ 20 መጨመርን ነው። የመጀመሪያው ግምት ስህተት ከነበረ አሁን እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

መያዝ ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ዒድ አምስት ቀን እየቀረው ከባድ ዝናብ ገዢውን ቤት ካስቀረው መታገስ ያዋጣል። ልዩነቱ ምክንያቱን ለሌላ ሰው ማስረዳት መቻል ላይ ነው።

ገንዘቡ የሌላ ሰው ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። በሙዷረባ ኪሳራው የባለገንዘቡ ነው፤ ሠሪው ድካሙን ያጣል። የተስማሙበትን ወሰን ከጣሰ ግን ይጠየቃል። ስለዚህ መቁረጫው በጉ ሳይገዛ ተነጋግሮ፣ በምስክር ፊት ይጻፍ፤ ባለገንዘቡ እህት ወይም አማች ቢሆንም።