ጭነት ከማውረድ የተወለደ ጨዋታ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው አቀበትንና ቁልቁለትን የሚያውቀው በጉልበቱ ነው። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ በእግሩ የሚሻገር መንገደኛ የጀማን ሸለቆ ከወረደ በኋላ እንደ ገና ዳገቱን መውጣት ግድ ይሆንበታል። ታዲያ ገንዘብ ከፍሎ ለደስታው ሲል ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አለ ቢባል አያቶቻችን ምን ይሉ ይሆን? ነገር ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ አለ፤ ስሙም ሮለር ኮስተር ይባላል። በእንጨት ምሰሶና ማገር ላይ በተዘረጋ ሐዲድ፣ ሰው የተሳፈረባቸው ሠረገሎች ያለ ሞተር እየወረዱ የሚወጡበት መዝናኛ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታው መነሻ ሩሲያ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የሴንት ፒተርስበርግ ሰዎች በብርድ ወራት ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ይሠሩና መውረጃውን ውሃ እያፈሰሱ በረዶ ያለብሱት፣ ከዚያም ይንሸራተቱበት ነበር። ፈረንሳዮች ይህን አይተው በረዶውን በመንኰራኵር ተኩ፤ በ1817 በፓሪስ ከሐዲዱ እንዳይወጡ ሆነው የተሠሩ ሠረገሎች ሕዝብ ያንሸራሽሩ ጀመር።

ሁለተኛው ምንጭ ግን የሥራ ቦታ ነው። በ1827 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ጆሳያ ኋይት የተባለው ሰው የድንጋይ ከሰል ከተራራ ወደ ወንዝ የሚያወርድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሐዲድ አሠራ። ከሰሉ በገዛ ክብደቱ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይወርዳል፤ ባዶውን ሠረገላ ግን ሰዓታት ፈጅተው ሽቅብ የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ። ስለዚህ በቅሎዎቹም ለእነርሱ በተዘጋጀ ሠረገላ ተጭነው ከከሰሉ ጋር ይወርዱ ነበር። መሳፈሩን ከለመዱ በኋላ ቁልቁለቱን በእግር አንወርድም ብለው እንዳስቸገሩም ይነገራል። ኋላ ከሰሉ በሌላ መንገድ ሲሄድ ሐዲዱ የመንገደኞች መንሸራሸሪያ ሆነ።

በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን በኒው ዮርክ፣ በኮኒ አይላንድ 183 ሜትር ያህል የሚረዝም የእንጨት ሐዲድ ሠርቶ በ5 ሳንቲም ያሳፍር ጀመር። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የበቅሎ ሶምሶማ ያህል ነበር። ጫፍ ሲደርስ መንገደኞቹ ይወርዳሉ፤ ሠራተኞችም ሠረገላውን ገፍተው ለመልሱ ጉዞ ወደ ማማው ያወጡታል።

በኋላ የመግፋቱን ሥራ ሰንሰለት ተረከበው። ሰንሰለቱ ሠረገላውን ወደ መጀመሪያው ኮረብታ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነዳው የመሬት ስበት ብቻ ነው። ሰበቃና ነፋስ ከኀይሉ ስለሚቀንሱበት፣ ተከታዮቹ ኮረብታዎች ከመጀመሪያው ማነስ አለባቸው። ሠረገላው በፍጥነት ጉብታ ሲያልፍ ከሐዲዱ እንዳይነሣ፣ ጆን ሚለር ከሐዲዱ ሥር የሚይዝ መንኰራኵር ፈልስፎ በ1919 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን ማክረር ተቻለ፤ በ1927 በኮኒ አይላንድ የተከፈተው ሳይክሎን 26 ሜትር ከፍታ ነበረው።

ከ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት ወዲህ ግን ብዙዎቹ ፈረሱ። እንጨት ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ምስማሩም ይላላል፤ ጠጋኝ ያጣ የእንጨት ሐዲድ አይሰነብትም። በ1972 በኦሃዮ ግዛት ዘ ሬሰር የተባለው ከተሠራ ወዲህ የእንጨቱ ጥበብ እንደ ገና አንሠራራ። ዛሬም በእንዲህ ያሉ ስፍራዎች በሩ ሳይከፈት በፊት አናጢዎች ሐዲዱን እየተመላለሱ ይመረምራሉ፤ የላላውን ያጠብቃሉ፣ የተጎዳውን ሣንቃ ይለውጣሉ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈን ትምህርት አለ። ተሳፋሪው እልል የሚለው በቁልቁለቱ ነው፤ ቁልቁለቱን የሰጠው ግን አቀበቱ ነው። አቀበቱንም አስቀድሞ በቅሎ፣ ቀጥሎ ገፊ ሠራተኛ፣ ኋላም ሰንሰለት ከፍሎበታል። ብዙዎቻችን በከተማ ቤት ተከራይተን የምንማረው፣ ወላጆቻችን ከገጠር ስንቅ ተሸክመው ዳገት እየወጡልን ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ስንደሰት፣ ያንን ዳገት የወጡልንን እናመስግናቸው፤ ነገ ደግሞ ለታናናሾቻችን የምንወጣው ተራ የእኛ መሆኑን አንዘንጋ።