የአሻንጉሊቷ ፀጉር

የድሬዳዋ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ቤቱ በሚከትበት ሰዓት እህቴና ጓደኞቿ በረንዳ ላይ ተኮልኩለው አሻንጉሊት ይሠሩ ነበር። እኔ ወንድ ነኝና እንደማይመለከተኝ ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ዓይኔን ግን አልነቅልም። ከልብስ ሰፊ ደጃፍ የተለቀመ ቁርጥራጭ ጨርቅ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ አንገቷ በክር ይታሰራል፤ ዓይንና አፏ በእስክሪብቶ ይሳላል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው ፀጉሯ ላይ ሲደረስ ነው።

ፀጉሩ የሚሠራው ከሹራብ ክር ነበር። «በድሬ ሙቀት ደግሞ ሹራብ ማን ይለብሳል?» ትሉ ይሆናል። አቦ፣ ለዚህ እኮ ነው ለመተርተር የተረፈው! ከሳልባጅ ክምር ውስጥ የሚወጣው ሹራብ ገላ ላይ ሳይውል አሻንጉሊት አናት ላይ ይወጣል። የተተረተረው ክር ደብተር ላይ ሠላሳ አርባ ጊዜ ይጠመጠማል። ከደብተሩ ላይ ሳይበተን ወጥቶ መሃል ለመሃል ከአናቷ ጋር ይሰፋል፤ ስፌቱ ራሱ የፀጉሯ መክፈያ መስመር ይሆናል። በመጨረሻ ግራና ቀኝ ያለው ቀለበት በመቀስ ይቆረጥና ሹሩባው ይጀመራል። እህቴ የሰው ፀጉር ከመንካቷ በፊት ሹሩባ የተማረችው በዚህ ክር ነው።

«የአሻንጉሊት ፀጉር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም በሮማውያን ዘመን ግብፅ ውስጥ የተሠራች የጨርቅ አሻንጉሊት አለች። ከ1,500 ዓመት በላይ ሆኗታል። ሆዷ በጨርቅና በፓፒረስ ተሞልቷል፤ ራሷ ላይ ያለችው ትንሽ ዶቃ የፀጉር ጌጥ ሳትሆን አትቀርም። ያኔም ቢሆን አሻንጉሊቷን የሠራው ሰው ለራሷ ጌጥ ተጨንቆ ነበር ማለት ነው።

የእኛዋ አሻንጉሊት ግን የድሬ ልጅ ናት፤ ድሬ ደግሞ የባቡር ልጅ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ባቡሩ የባሕር ማዶውን ጨርቅ አመጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። በባቡር፣ በፋብሪካና በኮንትሮባንድ የምትኖር ከተማ ቁርጥራጭ ጨርቅና ክር አይቸግራትም። ልጆቿ የሚጫወቱት በንግዷ ትርፍራፊ ነው።

ክሩ የንግድ ታሪክ ነው ካልን፣ አሠራሩ ደግሞ የማኅበረሰብ ታሪክ ነው። በአገራችን ፀጉር መታወቂያ ነበር። ቁንጮ ያለው ሕፃን ነው። ሳዱላዋ መሃል አናቷን የተላጨች፣ ገና ያላገባች ልጃገረድ ናት። ያገባች የሐረሪ ሴት ፀጉሯን ከጆሮዎቿ ኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልላ ጉፍታ ታጠልቃለች፤ ያገባች ሶማሌ ሻሽ ታስራለች። ይህ ሁሉ አንድ የድሬ ሰፈር ውስጥ ይታያል። ስለዚህ የአሻንጉሊትሽን ፀጉር ስትሠሪ ማን እንደሆነች እየወሰንሽ ነው።

ከዚያ ፕላስቲኳ መጣች። ታይዋን ገበያ ውስጥ በላስቲክ ታሽጋ የተሰቀለችው፣ ፀጉሯ ቢጫ ሆኖ ወገቧ ድረስ የሚወርደው። አሜሪካዊቷ ባርቢ ገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ጥቁር ሆና «ባርቢ» ለመባል እስከ 1980 ጠብቃለች። እኛ ዘንድ የደረሱት የእርሷ አስመስሎዎች ግን ሁሉም ቢጫ ነበሩ። ልንገዛት አቅም አልነበረንም። የሆነው ነገር ግን ከመግዛት የባሰ ነው።

እህቴ ቢጫ ሹራብ አግኝታ ተረተረች። የተተረተረ ክር ደግሞ ጠባይ አለው፤ የተሠራበትን ቅርጽ ይዞ እንደተጠቀለለ ይቀራል። ልክ እንደ እኛ ፀጉር። እርሷ ይሄንን አልፈለገችም። ክሩን ውኃ ነክራ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስራ፣ ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ሰቀለችው። ማታ ላይ ክሩ ቀጥ ብሎ ነበር። የጨርቋ አሻንጉሊት የፈረንጅ ፀጉር አበቀለች። ያን ዕለት ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም ጭምር።

ያ ጭብጨባ ትዝ ያለኝ ከዓመታት በኋላ ስለ ኬኔትና ማሚ ክላርክ ሳነብ ነው። እነዚህ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቡና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጥናት ለ253 ጥቁር ሕፃናት፣ ከቀለም በቀር ልዩነት የሌላቸው አሻንጉሊቶች አቅርበው «የቱን ትመርጣላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አብዛኞቹ ነጯን መረጡ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች ዘርን መለያየት ሕገ ወጥ ነው ሲል ከጠቀሳቸው ጥናቶች አንዱ ሆነ። እዚያ መለያየት በሕግ የተጻፈ ነበር። ድሬ ላይ ግን ማንም አላስገደደንም፤ ድንጋዩን ያሰርነው እኛው ነን።

እህቴ ዛሬ የልጅ እናት ናት። በቅርቡ ለልጇ ከአሮጌ ነጠላ አሻንጉሊት ስትሠራ ደረስኩ። ጥቁር ክር ተርትራ፣ ሳትነክረውና ሳትሰቅለው እንደተጠቀለለ ሰፋችው። ልጅቷ አሻንጉሊቷን አገላብጣ አየችና «እማ፣ ለምን ተንጨፈረረ?» አለች። ብዙም ደስ ያላት አልመሰለኝም።

እህቴም «የአንቺን አይቼ ነው የሠራሁት» አለቻት።

ልጅቷ የራሷን ፀጉር ዳሰሰች፤ የአሻንጉሊቷንም ዳሰሰች። ምንም አልመለሰችም። ማታ ልወጣ ስል ግን ምላሷን ወደ ጎን አውጥታ፣ በትናንሽ ጣቶቿ ክሩን ሦስት ቦታ ከፍላ ልትጎነጉን ስትታገል ትቻት ሄድኩ።