ቋንቋ በቤት ሲለመድ፤ ኦሮምኛ ከሊሙ እስከ እምኩሉ

መግቢያ

ባዕድ ቋንቋ እንዴት ይለመዳል ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን «በመጽሐፍና በመምህር» ብለን እንመልሳለን። የታሪክ ምስክርነት ግን ሌላ ነው። ከመጽሐፍ አስቀድሞ ቋንቋ የሚለመደው በቤት ነው፤ ይኸውም ተማሪው ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር በአንድ ጣራ ሥር እያደረ፣ ከአንድ ገበታ እየበላ፣ ሥራውንም ጨዋታውንም በዚያው ቋንቋ ሲፈጽም ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና አገሮች ለዚህ ዓይነት ትምህርት ምን እንዳበረከቱ፣ ለዚያም ምን ዋጋ እንደ ተከፈለ ለማመልከት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን የገዛ ራሳችን ትዝታ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው በአንድ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በመኝታ ቤታችን ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከጌራ የመጡ ልጆች ነበሩ። ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገር ክልክል ስለ ነበረ፣ ደንቡን ያፈረሰ ቅዳሜ ግቢውን ይጠርግ ነበር። መብራት ከጠፋ በኋላ ግን የሚቆጣጠረን አልነበረም። በአማርኛ «እንቆቅልህ» የምንለውን የአጋሮ ልጆች «ሂቦ» ይሉታል፤ ኦሮምኛ የማናውቀው ልጆች ቋንቋውን የለመድነው በዚያ ጨለማ፣ ሂቦውን ለመፍታት ስንጣጣር ነው። መልሱን ያላወቀ ስለሚሳቅበት፣ ቃሉን ሳይይዝ የሚተኛ አልነበረም። በኋላ ኮሌጅ ገብተን ስለ መጀመሪያዎቹ የኦሮምኛ መጻሕፍት ስናነብ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በቀይ ባሕር ዳር በነበረ ሌላ አዳሪ ቤትም እንዲሁ እንቆቅልሽ የቋንቋ መማሪያ ሆኖ እንደ ነበረ አገኘን።

አገሩ ራሱ የሚያውቀው የአዳሪ ትምህርት

በጊቤ ወንዝ አካባቢ የነበሩት አምስቱ መንግሥታት ሊሙ ኤናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ነበሩ። እነዚህ መንግሥታት በ19ኛው መቶ ዓመት እስልምናን ተቀበሉ፤ በተለይም በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (ከ1878 እስከ 1932) ጅማ የታወቀች የእስልምና ትምህርት አገር ሆነች። ደረሳ የሚባለው ተማሪ ከሩቅ አገር ተነሥቶ ይመጣና በሼኹ ግቢ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ሼኹ የመጽሐፉን ቃል በዐረብኛ ያነባሉ፤ ትርጓሜውን በአፍ ያስረዳሉ። ትርጓሜው በኦሮምኛ በሚሰጥበት ቦታ፣ ከሌላ አገር የመጣው ደረሳ ዐረብኛውን ለማወቅ ኦሮምኛውን መስማት ግድ ይሆንበታል። እንዲህም ሁለት ቋንቋ በአንድ ጎጆ ይማራል ማለት ነው።

ይህ ነገር ለሰሜኑ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪም አኩፋዳውን አንግቦ ወደ ጎጃም ቅኔ ቤት የሚሄደው ከዘመዶቹ ርቆ፣ ቀን ከሌት ከግእዝ ጋር ለመኖር ነው። በሁለቱም ዘንድ መሠረቱ አንድ ነው፦ ተማሪው ቤቱን ትቶ ወደ ትምህርቱ ቤት ይገባል።

የውጭ አገር ሰዎች እንዴት ተማሩ

ከሊሙ ኤናርያ ከተማ ከሰቃ የሚነሣው የንግድ መንገድ በጉድሩና በጎጃም አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ይደርስ ነበር። በዚህ መንገድ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ባሪያ ይጓዝ ነበር። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በ1843 በአባ ባጊቦ ዘመነ መንግሥት ወደ ኤናርያ የገቡት በዚሁ በነጋዴዎች መንገድ ነው። ካፑቺናዊው ጳጳስ ጉግልኤልሞ ማሳያ፣ በአገራችን አጠራር አባ ማስያስ፣ በ1852 ጉድሩ ደረሱ፤ በኋላም እስከ ከፋ ዘልቀው ከሕዝቡ ጋር ኖሩ። በ1867 በፓሪስ ያሳተሙት በላቲን የተጻፈ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ቋንቋዎቹን ሊማሩ ለሚፈልጉ ሚሲዮናውያን የተዘጋጀ ነበር። እንግዲህ መጽሐፉ የመጣው በሕዝቡ መካከል ከብዙ ዓመታት መኖር በኋላ ነው።

ከእነርሱ የሚለየው የካርል ቱትሼክ ነገር ነው። ይህ ሰው ኦሮሞ አገር ሳይደርስ ኦሮምኛን የተማረው በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ነው። የባቫርያው መስፍን ማክሲሚልያን በ1838 ከምሥራቅ ጉዞው ሲመለስ ጥቂት አፍሪካውያን ወጣቶችን ይዞ መጣ፤ ቱትሼክም እንዲያስተምራቸው ተሾመ። ከወጣቶቹ አንዱ አካፌዴ የሚባል ኦሮሞ ነበር። መምህሩ ሊያስተምር ገብቶ ተማሪ ሆነ፤ ከአካፌዴ አፍ የሰማውን ቃል በቃል እየጻፈ ቋንቋውን ያዘ። ቱትሼክ በ1843 ሞተ፤ ወንድሙ ሎሬንዝ መዝገበ ቃላቱን በ1844፣ ሰዋስውን በ1845 አሳተመ። በመዝገበ ቃላቱ ሽፋን ላይ የሁለቱ ወንድማማቾች ስም አለ፤ የአካፌዴ ስም ግን የለም። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን፦ የመምህሩ ቤት ሞቃት ቢሆንም፣ አካፌዴ ወደዚያ ቤት የደረሰው በገዛ ፈቃዱ አልነበረም።

የእምኩሉ ቤት

በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረው። በዚህ ቤት የተሠራውን የኦሮምኛ ሥራ ስናነሣ መጀመሪያ የሚጠሩት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ፤ በ1870 ነጻ ወጡ። በ1872 ተጠመቁ፤ ከዚያም በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ። ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት በሱዳን በኩልም በሸዋ በኩልም ሞክረው ስላልተሳካላቸው፣ እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዙ።

ነገር ግን አንድ ታላቅ ችግር ገጠማቸው። በልጅነቱ ከእናቱ እቅፍ የተነጠቀ ሰው የሚያውቀው የልጅ ቋንቋ ነው። እናት ስትጠራ፣ ውሃ ሲጠማ፣ ከብት ሲገባ የሚባለውን ያውቅ ይሆናል፤ የሽማግሌዎችን ምሳሌያዊ ንግግር፣ የሸንጎን ቃል፣ የለቅሶንና የሠርግን ዘፈን ግን አልሰማም። ኦኔሲሞስ ዐረብኛም፣ አማርኛም፣ ስዊድንኛም ተምረው ነበር፤ የጐደላቸው የገዛ ራሳቸው ቋንቋ ሙላት ነው። ስለዚህ ተርጓሚው እንደ ገና ተማሪ መሆን ነበረባቸው።

መምህራቸው የተገኙት ከዛሬው የሊሙ ቡና አገር ነው። አስቴር ጋኖ ነጻ ሆነው ተወልደው ሳለ በሊሙ ኤናርያ ንጉሥ ባርነት ተጣለባቸው፤ ከዚያም ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ፣ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዪቱን ያዙና ነጻ አወጧቸው፤ ወደ እምኩሉም ተወሰዱ። የሊሙን አነጋገር በሙሉ ይዘው የመጡ ልጃገረድ ነበሩ። ኦኔሲሞስ ተሰጥዎአቸውን ስላወቁ ታላቅ ሥራ ሰጧቸው፦ ኦሮምኛ ቃላትን መሰብሰብና ከአፋቸው የሚያውቁትን የሕዝብ ቃል መጻፍ። አስቴርም አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ጻፉ።

ይህ ነገር እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል። አንድ ቃል ብቻውን ሲጠየቅ ፍችው አንድ ይመስላል፤ በምሳሌ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ይሆናል። እንቆቅልሽ የቃሉን ሁለት ፊት ያሳያል፤ ተረት ግሡን በኃላፊና በትንቢት ያመላልሳል፤ ዘፈን የሚገባውን የአክብሮት ቃል ይሰጣል። ስለዚህ ያ ስብስብ ለተርጓሚው ከማንኛውም ሰዋስው የበለጠ መማሪያ ነበር። ትምህርቱም የተካሄደው በአንድ ግቢ ሲኖሩ፣ ሥራና ጸሎት ሲጋሩ ስለ ነበረ፣ ጥያቄና መልሱ በክፍል ሰዓት ብቻ የሚያበቃ አልነበረም።

ፍሬው ብዙ ሳይቆይ ታየ። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በ1894 «ጀልቀበ በርሲሳ» ማለት «የትምህርት መጀመሪያ» የሚባለው የንባብ መጽሐፍ ወጣ፤ ከአስቴር ስብስብ ብዙው የገባው በዚህ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉም የኦኔሲሞስና የአስቴር የጋራ ሥራ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪስኮና ታተመ። እነዚህ ሁሉ የተጻፉት በኢትዮጵያ ፊደል ነበር። በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ሄደው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኦኔሲሞስ በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ፤ አስቴር ጋኖ እስከ 1964 ኖሩ።

ከዚያ በኋላ

የእምኩሉ ሥራ ግን እንደ ጀመረ አልቀጠለም። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ የትምህርት ቋንቋ በመላው ኢትዮጵያ አማርኛ እንዲሆን፣ ሚሲዮናውያንም እንዲማሩት አዘዘ፤ የአገሬው ቋንቋ የተፈቀደው ተማሪዎቹ አማርኛ እስኪያውቁ ድረስ በአፍ ብቻ ነበር። በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛ ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ሆነ። በ1991 ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል ተመረጠ፤ ከዚያ ወዲህ በጅማ ዙሪያ ያሉ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኦሮምኛ ይማራሉ። የአስቴር ጋኖን ስም በማንኛውም ክፍል ሰምተን አናውቅም ነበር፤ ይህን በኀፍረት እንናገራለን።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ

በብሪታንያ ደሴት በምዕራብ በኩል ያለችው የዌልስ አገር ታሪክ ከእኛ መኝታ ቤት ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአንዳንድ የዌልስ ትምህርት ቤቶች በአገሩ ቋንቋ የተናገረ ልጅ በአንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር፤ እርሱም ሌላ ተናጋሪ ሲያገኝ ያስተላልፈዋል፤ በመጨረሻ እንጨቱ የተገኘበት ልጅ ይቀጣል። ይህን ስናነብ የቅዳሜው መጥረጊያ ትዝ አለን።

የዌልስ ሰዎች በኋላ ያደረጉት ግን ሊጠና ይገባል። ናንት ጉርሴይርን የምትባል መንደር በሰሜን ምዕራብ ዌልስ በባሕር ዳር ትገኛለች። የድንጋይ ካባ ሠራተኞች የኖሩባት ስትሆን፣ ሥራው ሲቆም ሰው ጥሏት ባድማ ሆና ነበር። በ1978 ቋንቋቸውን የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ገዟት፤ ቤቶቹን አድሰው በ1982 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበሉ። ተማሪው እዚያው እያደረ፣ እየበላና እየተጫወተ የዌልስን ቋንቋ ይማራል። ከተማሪዎቹ መካከል አያቶቻቸው የተናገሩትን ቋንቋ ያጡ ሰዎች አሉበት። እነዚህ በሁኔታቸው ከኦኔሲሞስ ጋር ይገናኛሉ፦ የገዛ ቤታቸውን ቋንቋ በሌላ ቤት የሚማሩ ናቸው።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ወደ ዌልስ መንደር የሚሄደው ሰው በፈቃዱ ይሄዳል፤ ትምህርቱ ሲያበቃም ወደ ቤቱ ይመለሳል። አካፌዴ ወደ ሙኒክ፣ አስቴርም ወደ እምኩሉ የደረሱት በባሪያ ንግድ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ የኦሮምኛ መጻሕፍት የተገኙበት የቤት ትምህርት ሥሩ ሰው ከቤቱ መነጠቁ ነበር።

መደምደሚያ

ከላይ ከተነገረው ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ ቋንቋ በቤት ሲለመድ እውነተኛው መምህር ብዙ ጊዜ ወንበር የሌለው ሰው ነው፤ አካፌዴ እንደ ተማሪ ተቆጠረ፣ አስቴርም እንደ ረዳት። የኦሮምኛን ጽሑፍ ታሪክ የምንጽፍ ተማሪዎች ሁሉ የእነዚህን መምህራን ስም ከሥራቸው ጋር አብረን ልንጽፍ ይገባናል። ሁለተኛው፣ ያ ዓይነት ቤት ያለ በደል ሊሠራ ይችላል። ወደ ጅማ ለጥናት የምንሄድ ተማሪዎች በአስተርጓሚ ከመሥራት ይልቅ፣ በቡና ለቀማ ወራት በሊሙ፣ በጎማ ወይም በጌራ ከአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ ጋር ተቀምጠን እሸቱን እየለቀምን፣ ጀንፈሉን እያሰጣን፣ ማታ ምድጃ ዳር ሂቦውን ብንሰማ፣ ቋንቋውንም ታሪኩንም ባንድነት እናገኛለን። ለአስተናጋጆቻችን የሚገባውን ዋጋ መክፈል፣ በጽሑፋችንም መምህሮቻችን መሆናቸውን መግለጽ የኛ ግዴታ ይሆናል።

እኛ ሂቦ የተማርነው በጨለማ፣ እንዳንሰማ ፈርተን ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡት በብርሃን እንዲማሩት እንመኛለን።