ችሎታ በምን ይለካል? ከፕሮግራመሮች ታሪክ የተማርኩት



አዘጋጆቹ «ለመጽሔታችን አንድ የታሪክ ጽሑፍ ጻፊልን» ሲሉኝ ስለ ወባ ወይም ስለ ፈንጣጣ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የምጽፈው ፕሮግራመሮች እንዴት ይመዘኑ እንደነበር ነው። «ሐኪሟን እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት?» የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ጥልቅ ያደረገኝ የራሴ ስህተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ተቋም የሕሙማንን መረጃ የሚይዝ ፕሮግራም የሚሠራልን ባለሙያ ለመቅጠር ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥራው በፓይተን ቋንቋ ነበር። ከሕክምናው በኩል የተወከልኩት እኔ ነበርኩ። መጨረሻ ላይ ሁለት ልጆች ቀሩ። «በፓይተን ስንት ዓመት ሠራችሁ? ራሳችሁን ከ10 ስንት ትሰጣላችሁ?» አልናቸው። ወንዱ ፈጠን ብሎ «9» አለ፤ የሠራቸውንም አንድ በአንድ ዘረዘረልን። ሴቷ ትንሽ አሰብ አድርጋ «6 ይበቃኛል» አለች። ቀጥለን የታካሚዎችን የደም ስኳር አማካይ እንዴት እንደሚያወጡ ጠየቅን። እሱ ወዲያው ጻፈው። እሷ ግን መልሳ ጠየቀችን፦ «ሳይለካ የቀረ ታካሚ ካለ ቅጹ ላይ ምን ይሞላል?» እኔ በውጤት መስጫ ወረቀቴ ላይ «በራሷ አትተማመንም» ብዬ ጻፍኩ። እሱን ቀጠርነው።

ወራት አለፉ። ከክፍሎቻችን የአንዱ ወርኃዊ ሪፖርት የታካሚዎቹ ስኳር መጨመሩን አሳየ። ክፍሉን የሚመሩት ሲስተር ተጠርተው ተጠየቁ፣ ማስጠንቀቂያም ተጻፈባቸው። ከእኔ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡ ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ እኔን ስትጠይቁኝ ኮምፒውተሩንስ ማን ጠየቀው?» አሉኝ። መዝገቡን ይዘን ቁጭ አልን። ሳይለካ ለቀረ ታካሚ ቅጹ ባዶ መተው ስለማይቀበል 999 ይሞላ ነበር፤ ፕሮግራሙ ደግሞ 999ኙን እንደ እውነተኛ ውጤት ይደምረዋል። እንዲህ አስቡት፦ 30 ታካሚዎች እያንዳንዳቸው 160 ቢሆኑና አንድ 999 ቢጨመር አማካዩ ከ160 ወደ 187 ይዘላል። ልጅቷ የጠየቀችን ይህንኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ እኛ የሠራነውን ስህተት ዓለም ከ50 ዓመት በላይ ሲያጠናው ኖሯል።

የመጀመሪያው ዝነኛ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ። ሳክማን፣ ኤሪክሰንና ግራንት የሚባሉ ተመራማሪዎች 12 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮችን ወሰዱ። ዓላማቸው ሰውን ማወዳደር አልነበረም። ከኮምፒውተሩ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መሥራትና ሥራን ሰጥቶ ውጤቱን ወረፋ መጠበቅ፣ የትኛው እንደሚሻል ማየት ፈልገው ነበር። ውጤቱ ላይ ግን ዓይን የሳበው ሌላ ነገር ሆነ። አንዱን የአልጄብራ ሥራ ስህተቱን ፈልጎ ለማረም ከሁሉ የዘገየው 170 ሰዓት፣ ከሁሉ የፈጠነው 6 ሰዓት ወሰደባቸው። 28 ለ1 ማለት ነው። ይህች ቁጥር ከዚያ ወዲያ «ጎበዝ ፕሮግራመር የሰነፉን 28 እጥፍ ይሠራል» እየተባለች በየመጽሐፉ ዞረች።

እዚህ ላይ የሕክምና ልጆች ጆሯችሁ መቆም አለበት። 12 ሰው ብቻ! ያውም ሁሉም በአንድ ቋንቋ አልሠሩም፤ አንዳንዶቹ በማሽን ቋንቋ፣ ሌሎቹ ለሰው በሚቀርብ ቋንቋ ነበር የጻፉት። ግማሹ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ግማሹ ወረፋ ጠብቆ ነበር የሠራው። መብራት በጠፋበት ክፍል የቀደደን ቀዶ ሐኪምና መብራት ባለበት የቀደደን በሰዓት አወዳድሮ «ይሄ ጎበዝ፣ ያ ሰነፍ» እንደማለት ነው። ዲኪ የሚባል ሰው በ1981፣ ጀርመናዊው ሉትዝ ፕሬኸልት ደግሞ በ1999 ቁጥሯ ያለ አግባብ እንደተጋነነች አሳዩ። በሰዎች መካከል ልዩነት መኖሩን አልካዱም፤ የተለካው ግን የሰው ችሎታ ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ደስ ይላል። በ1976 ቤን ሽናይደርማን በፎርትራን ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን ለጀማሪዎችና ለልምድ ባለቤቶች አሳይቶ በቃላቸው መልሰው እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ፕሮግራሙ በትክክለኛ ቅደም ተከተሉ ሲሰጥ ልምድ ያላቸው በብዙ በለጡ። መስመሮቹ ሲደበላለቁ ግን ብልጫቸው ጠፋ ማለት ይቻላል። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ቼዝ ተጫዋቾች ላይ የታየውም ይኸው ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው የሚበልጠው በማስታወስ አቅሙ አይደለም፤ ትርጉም ያለውን ነገር እንደ አንድ ሙሉ ነገር ማየት ስለሚችል ነው። ራውንድ ላይ ያሉትን ፕሮፌሰሮቻችንን አስታውሱ። እኛ የበሽተኛውን ታሪክ ከወረቀት እያነበብን ስንንተባተብ እሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጠቅልለውት የለ?

ሦስተኛው እኔን የነካኝ ነው። በ1983 ኤሊየት ሶሎዌይና ባልደረቦቹ በፓስካል ቋንቋ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አቀረቡ። ቁጥሮች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ 99999 ሲገባ ይቆማል፤ 99999 ሳይቆጠር አማካዩን አውጡ። በኋላ የዝናብ መጠን ጥያቄ ተብሎ የታወቀው ይኸው ነው። ብዙ ተማሪ ወደቀበት። አንዱ ማቆሚያውን ቁጥር ይደምረዋል። ሌላው ምንም ቁጥር ባይገባ ለዜሮ ማካፈል እንደሚመጣ ይረሳል። ይህንን ሳነብ የእኛን 999 ያየሁ መስሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ሶሎዌይ እዚያ ላይ አላቆመም። ሰዎች በተፈጥሯቸው መጀመሪያ ያነባሉ፣ ቀጥለው ይሠሩበታል። የፓስካል የተለመደው የዙር ትእዛዝ ግን ቅደም ተከተሉን እንዲያጣምሙት ያስገድዳቸዋል። ከመሀል መውጣት የሚፈቅድ የተሻሻለ ፓስካል ሲሰጣቸው ትክክል የሠሩት በዙ፤ ጀማሪውም የተራመደውም። እንግዲህ «ይሄ ልጅ ፓስካል አይችልም» ሲባል የወደቀው ልጁ ነው ወይስ ቋንቋው? በ2001 ደግሞ የማክራክን ቡድን በአራት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን የፕሮግራም ኮርስ የጨረሱ 216 ተማሪዎችን ሲፈትን አማካይ ውጤቱ ከ110 ወደ 23 ብቻ ሆነ። 

የእኛ ሙያ በዚህ ረገድ ቀደም ብሎ ነቅቷል። ድሮ የክሊኒክ ፈተና ማለት አንድ በሽተኛ፣ አንድ ወይም ሁለት ፈታኝ ነበር። ቀላል በሽተኛ ከደረሰህ እድልህ ነው፤ ፈታኙ ተቆጥቶ ከገባ ደግሞ እዳህ። በ1975 በስኮትላንድ ዳንዲ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ ተማሪው በየጣቢያው እየዞረ፣ ለሁሉም ተመሳሳይ በሆነ ጥያቄና መመዘኛ የሚፈተንበትን ዘዴ ይዘው ብቅ አሉ። ዛሬ ኦስኪ የምንለው ነው። በ1990 ጆርጅ ሚለር አራት ደረጃ ያለው ፒራሚድ ሣለ፦ ያውቃል፣ እንዴት እንደሆነ ያውቃል፣ ሠርቶ ያሳያል፣ በሥራው ላይ ያደርገዋል። እኔ ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። የቅጥር ኮሚቴ ላይ ስቀመጥ ግን «ከ10 ስንት?» ብዬ ጠየቅሁ። ከፒራሚዱ ታችኛ ደረጃ እንኳ በታች ነው፤ ያውቃል ሳይሆን «አውቃለሁ ይላል»።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ቀየርን። አሁን አመልካቾች በጣቢያ ይዞራሉ። አንዱ ጋ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ አንብበው ምን እንደሚሠራ ያስረዳሉ። ሌላው ጋ ስህተት ያለበትን ያርማሉ። ሦስተኛው ጋ ሆን ብለን ያጎደልነው ጥያቄ ይሰጣቸዋል፤ ነጥብ የሚያገኘው የጎደለውን የጠየቀ ነው። ቋንቋውና ኮምፒውተሩ ለሁሉም አንድ ነው። ፍጹም አይደለም፤ ለሁለት ሰዓት የታየ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንደሚሠራ አይነግረንም። ለዚህ ነው የሙከራ ጊዜውን ከምር መመልከት የጀመርነው።

የቀጠርነውን ልጅ አላባረርነውም። ቅጹ ላይ 999 እንደሚሞላ የነገረው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኩትም። ስህተቱን ካየ በኋላ ከሲስተር ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱን ቅጽ አብረው አጣሩት። ልጅቷን ስንደውልላት ሌላ ቦታ ሥራ ይዛ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከሲስተር ማኅደር እንዲወጣ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቢሯቸው ድረስ ሄጄ «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ደብዳቤው ወጣ፣ ወሬው ግን ገና አልወጣም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

መምህራኖቻችን፣ በተለይ የሕክምናና የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለታችሁም እዚያው ግቢ ውስጥ ሆናችሁ ስለ አንድ ነገር ትጨነቃላችሁ፤ ተማሪው ይችላል ወይ? ፈተናዎቻችሁን አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ብትዘረጓቸውስ? በዘንድሮው መገናኛችን ላይ ይህን ልናወራ የምትፈልጉ ካላችሁ እኔ እዚያው ነኝ፤ ቡናው አጠገብ ታገኙኛላችሁ።