የሎሊያታ ሆሎዌይ ድምፅና «ራይድ ኦን ታይም»

እ.ኤ.አ. በ1989 በብሪታንያ ከተሸጡት ነጠላ ሸክላዎች ሁሉ «ራይድ ኦን ታይም»ን የሚስተካከል አልነበረም፤ ለስድስት ሳምንታትም አንደኛነቱን ይዞ ቆይቷል። ያዘጋጁት ብላክ ቦክስ በሚል ስም የሚሠሩ ሦስት ጣሊያናውያን፣ ዳኒዬሌ ዳቮሊ፣ ሚርኮ ሊሞኒና ቫሌሪዮ ሴምፕሊቺ ናቸው። ፒያኖውንና ምቱን ያቀናበሩት እነሱ ቢሆኑም ዘፈኑን ያስወደደው የሴት ድምፅ ግን በሳምፕሊንግ፣ ማለትም ቀድሞ ከተቀረጸ ሙዚቃ ላይ ቆርጦ በመውሰድ የመጣ ነው።

ምንጩ «ላቭ ሴንሴሽን» የተሰኘው የዲስኮ ዘፈን ነው። ዳን ሃርትማን የደረሰውን ይህን ሥራ የቺካጎ ተወላጇ ሎሊያታ ሆሎዌይ ተጫውታው፣ ሳልሶል የተባለው የኒውዮርክ ሸክላ አሳታሚ በ1980 አውጥቶታል። ሆሎዌይ ቀደም ሲል ካራቫንስ በተባለው ስመ ጥር ቡድን ውስጥ መዝሙር ትዘምር ነበር፤ ያ ጣሪያ የሚነካ ጩኸቷም ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው።

ብላክ ቦክስ ግን ስሟን አልጠቀሰም። ይባስ ብሎ በቴሌቪዥን መድረክ የቀረበችው ካትሪን ኪኖል የተባለች ሞዴል ስትሆን፣ በሆሎዌይ ድምፅ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። የከበሮ ምት መዋስና የሰው ድምፅ ወስዶ ለሌላ ሰው መስጠት እኩል የሚታዩ አይደሉም።

ሕጉም ለድምፃዊቷ ብዙ አልረዳትም። በአንድ ሸክላ ላይ ሁለት ዋና መብቶች አሉ፤ የግጥምና ዜማው መብት የደራሲው፣ የቀረጻው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአሳታሚው ነው። ዘፈኑን ራሷ ያልደረሰች ድምፃዊት ከሁለቱም ውጭ ትቀራለች። በመሆኑም ሃርትማን በአዲሱ ዘፈን ላይ በደራሲነት ስሙ ሲሰፍር፣ ሆሎዌይ ክፍያ ያገኘችው በጠበቆቿ በኩል ተሟግታ በስምምነት ነው። በኋላ ድምፁ በሌላ ዘፋኝ፣ በሄዘር ስሞል፣ እንደገና ተቀረጸ።

አዘጋጆቹ ከዚህ ብዙ የተማሩ አይመስልም። ከዚያ በኋላ ባወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው አብዛኛውን የዘፈነችው ማርታ ዋሽ ብትሆንም በክሊፖቹ የታየችው ያችው ሞዴል ነበረች፤ ዋሽም ከሰሰች።

ሳምፕሊንግ በፍርድ ቤትም ተፈተነ፤ በታኅሣሥ 1991 የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ራፐሩ ቢዝ ማርኪ የጊልበርት ኦሳሊቫንን ዘፈን ያለ ፈቃድ ቆርጦ በመጠቀሙ ሥርጭቱን አገደበት፤ ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ያለ ፈቃድ የተቆረጠ ድምፅ ያለበትን ሥራ ማውጣት ፈሩ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ፣ «ላቭ ሴንሴሽን»ን የተጠቀመው የራፐሩ ማርኪ ማርክ «ጉድ ቫይብሬሽንስ» በአሜሪካ አንደኛ ሲወጣ፣ የሆሎዌይ ስም በሸክላው ላይ ተጽፎ፣ ራሷም በክሊፑ ውስጥ ታየች።