ፊት ቆጠራና ወንበር ቆጠራ

ስለ ወግ አጥባቂዎች የፖለቲካ ዶክመንተሪ ክርክር ሲነሳ ብዙ ጊዜ ፊት ወደ መቁጠር ይኬዳል። አንዱ «የነጮች ፊልም ነው» ይላል፣ ሌላው «እዩት፣ ጥቁርም አለበት» ብሎ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የማይክል ፓክ «ክሪኤትድ ኢኳል» ግን ለዚህ ቆጠራ አይመችም። ባለታሪኩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ናቸው። ፓክ እሳቸውንና ባለቤታቸውን ከ30 ሰዓት በላይ አነጋግረዋል። ከእሳቸውና ከባለቤታቸው በቀር ለፊልሙ ቃለ መጠይቅ የተደረገለት ሰው የለም።

ታሪኩ ይይዛል። ቶማስ በ1948 ጆርጂያ ውስጥ ፒን ፖይንት በምትባል ድሃ መንደር ተወለዱ፣ አያታቸው አሳደጓቸው። ቄስ ለመሆን እየተማሩ ሳለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ፤ አንድ ተማሪ በዚህ ሲደሰት ሰሙና ትምህርቱን ጥለው ወጡ። በኋላ ከዬል በሕግ ተመረቁ፤ ቀጣሪዎች ግን ዲግሪውን በቀለምህ ያገኘኸው ነው በሚል ዓይን አዩብኝ ይላሉ። ፊልሙ የሚለው፣ ጥቁር ሰው እንደ ሌላው ጥቁር የማሰብ ግዴታ የለበትም ነው። ይሄ እውነት ነው፤ ተቃዋሚዎቻቸውም ሊሰሙት ይገባል።

ችግሩ የሚመጣው 1991 ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ጡረታ ሲወጡ ፕሬዚዳንት ቡሽ ቶማስን አጩ። በሥራቸው የነበሩት አኒታ ሂል ወሲባዊ ትንኮሳ ደርሶብኛል ብለው መሰከሩ። ቶማስ ፈጽሞ ካዱ፤ ጥቁሮች በዛፍ ይሰቀሉበት የነበረውን ዘመን እያነሱ ይሄም ያው ነው አሉ። ጠያቂዎቹ 14 የምክር ቤት አባላት ነበሩ፤ ሁሉም ነጭ ወንዶች። ሂልን ሊደግፉ የተዘጋጁ ሌሎች ሴቶች በአደባባይ ሳይመሰክሩ ቀሩ። ቶማስ 52 ለ48 አለፉ።

እንግዲህ ሂልም ጥቁር ናቸው። ከኦክላሆማ ገበሬ ቤተሰብ የተገኙ 13ኛ ልጅ ናቸው፤ እሳቸውም ከዬል በሕግ ተመርቀዋል። በፊልሙ ውስጥ ግን የሚታዩት በ1991ዱ ምስል ብቻ ነው። ቶማስ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ አስበው ይመልሳሉ፤ እሳቸው እዚያችው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ቀርተዋል። በእርግጥ የፊልሙ ንዑስ ርዕስ በራሳቸው አንደበት የተነገረ መሆኑን አልደበቀም። በ2013 የወጣውና ሂልን የያዘው «አኒታ»ም ቢሆን ቶማስን አላነጋገረም። ሁለቱም ወገን የየራሱን ጥቁር ይዞ ወጣ፣ በቃ።

ለዚህ ነው ከፊልሞቹ ይልቅ ቀጥሎ የመጣው ዓመት የሚያስተምረኝ። የኢሊኖይ ሴናተር አለን ዲክሰን ዴሞክራት ሆነው ሳለ ድምፃቸውን ለቶማስ ሰጥተው ነበር። በ1992 ካሮል ሞዝሊ ብራውን በፓርቲው የውስጥ ምርጫ አሸነፏቸው፣ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሴናተርም ሆኑ። በ1993 ደግሞ ሂልን በጠየቀው በዚያው የፍትሕ ኮሚቴ ውስጥ ወንበር ያዙ።

ስክሪን ላይ ፊት መጨመር ለማንኛውም ፊልም ሠሪ ቀላል ነው። ከባዱ ጠያቂውና ተጠያቂው እኩል የሚናገሩበትን ቦታ መፍጠር ነው። «ክሪኤትድ ኢኳል» ማለት «እኩል የተፈጠሩ» ነው፤ እኩልነቱ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ደረሰ።