መቅዳትና ወሰኑ፦ በሰቆጣና በዋግ ከብራና እስከ ሚሞሪ ካርድ

በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በሰቆጣና በዋግ ደጋ የሌላን ሰው ሥራ ቀድቶ መያዝ ከስልክና ከኮምፒዩተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ዛሬ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ፣ ፊልም በፍላሽ፣ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ያለባለቤቱ ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የሚነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያርፈው መቅዳት እንደ ጽድቅ ሥራ ሲቆጠር በኖረበት አገር ላይ ነው። በዚህ ደጋ የነውር ወሰን የተሰመረው በመቅዳቱ ላይ አልነበረም፤ በመቅዳት ሰበብ ከሌላው ሰው በሚወሰደው ነገር ላይ ነበር።

ዋግ የቤተ ክርስቲያን አገር ነው። በሰቆጣ አቅራቢያ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያነጸው ትውፊት አካል ሲሆን፣ የዋግ ሹሞች አስከሬን ማረፊያም ሆኖ ኖሯል። እንዲህ ያለ ደብር ያለ መጽሐፍ አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም፤ መጽሐፍ ደግሞ የሚገኘው በመገልበጥ ብቻ ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከቅጠላ ቅጠል ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። ጸሐፊው በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል ሲያወርድ አንድ ዳዊት ወራት ይፈጃል፤ ከዚያ የሚገዝፍ መጽሐፍማ ከዓመት ወደ ዓመት ሊሻገር ይችላል። ዋጋውን የሚከፍለው አስጻፊው ነው፤ በገንዘብ፣ በእህል ወይም በልብስ።

በዚህ ሥራ ውስጥ የደራሲ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም። የብዙዎቹ መጻሕፍት ደራሲ ወይ ከሞተ መቶ ዓመታት ያለፈው ነው፣ ወይ ስሙን ሆን ብሎ የሰወረ መነኩሴ ነው። ቃሉ እንዲበዛ መርዳት በነፍስ የሚያስመሰግን ተግባር ስለነበር አንድ ደብር መጽሐፉን ለሌላው ሲያውስ የጎደለበት ነገር እንዳለ አይቆጥርም። የሚጠበቀው መጽሐፉ በጊዜው መመለሱ ነው። የሚከፈለውም ለድርሰቱ ሳይሆን ለጸሐፊው እጅና ዓይን ነው።

ይህ ማለት ግን ወሰን አልነበረም ማለት አይደለም። በብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ይገኛል። ግዝቱ ሁለት ጥፋቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንደኛው መጽሐፉን ራሱን መውሰድ ነው፤ ይህ ማንም የሚረዳው ስርቆት ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ሊስተዋል የሚገባው ነው፤ በመጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ፍቆ ማጥፋት። ይህ ሁለተኛው ጥፋት በግዝቱ ውስጥ ያለ ምክንያት አልገባም። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የቀድሞው ባለቤት ወይም አስጻፊ ስም ተፍቆ በቦታው የሌላ ሰው ስም ገብቶ ይታያል። ስሙ የተጻፈው በጸሎት እንዲታሰብ ነውና የፋቀው ሰው ከብራናው ላይ ቀለም ብቻ አላነሣም፤ ከሟቹ ላይ ጸሎቱን ነጥቋል። ለዚህ ነው መገልበጥ የሚያስመሰግን፣ ስም መፋቅ ግን የሚያስወግዝ የሆነው።

በቃል የሚነገረውም ጥበብ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ማቅረብ በጉባኤ ፊት የሚያሳፍር ነው። መምህሩ ግን ዕውቀቱን ለሁሉም ይሰጣል፤ ቀለሙን ይዞ የሄደ ተማሪ በሌላ አገር ወንበር ዘርግቶ ቢያስተምረው ደስታው ነው። በአዝማሪው ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ግጥሙን ታዳሚው ይሰጠዋል፣ እሱ ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል፤ ዜማው የአገር ነው። አዝማሪው የሚሸለመው በዚያች ሰዓት ስለተጫወተ ነው። ዜማውን ነገ ሌላ አዝማሪ ቢጫወተው ማንም አይከሰውም፤ ሽልማት ሳይሰጡ ሌሊቱን ሙሉ አጫውቶ መሸኘት ግን ነውር ነው።

በመጽሐፉና በቅጂው መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳየው የመቅደላ ዘረፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ድል ካደረገ በኋላ ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከዚያ በኋላ የነገሡት የዋጉ ጎበዜ፣ በንግሥና ስማቸው አፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዘመናቸው አጭር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1872 እሳቸውን ተክተው የነገሡት አፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ። ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጡ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ስለነበሩት አንዱን መልሶ ሌላውን አስቀረ። ቃሉ በሌላ መጽሐፍ ላይ መገኘቱ ለሙዚየሙ የማስቀረት ምክንያት ሆነ። ለባለቤቶቹ ግን እያንዳንዱ መጽሐፍ የተሰጠበት ደብርና የተጻፈበት ስም ያለው ነው። የእነዚህ መጻሕፍት ብዙ ገጽ በዲጂታል ምስል ተቀድቷል፤ ምስሉ ለተመራማሪ ትልቅ ስጦታ ነው፣ ለተወሰደው መጽሐፍ ግን ምትክ አይሆንም። በበጎ ፈቃድ የተሠራ ቅጂ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። ከየደብሩ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተቀድተው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠዋል፤ መጽሐፉ ከባለቤቱ ሳይነጠቅ ቃሉ ከእሳትና ከጦርነት ተረፈ።

የደራሲ መብት በመንግሥት ሕግ የተቀረጸው ዘግይቶ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነትን ደነገገ። በዚያው ዘመን የሙዚቃ ሸክላ ንግድ በመንግሥት ትእዛዝ በብቸኝነት ለሀገር ፍቅር ቴአትር የተሰጠ ነበር፤ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ አሳታሚ ድርጅቱን አምኃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ይህን ትእዛዝ ተላልፎ ነው። ዛሬ የአገሪቱ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ተብሎ የሚወደሰው ሥራ ከፊሉ የተወለደው በዚህ መንገድ መሆኑ ሕግና ፍትሕ ሁልጊዜ አንድ ላይ እንደማይሄዱ ያስታውሳል።

የሙዚቃን መቅዳት ወደ ዋግ ያደረሰው ግን ካሴት ነው። ሸክላ ማጫወቻው ውድና ተሰባሪ ነበር፤ ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ በበቅሎ ጀርባም ይጓዛል። ሰቆጣ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚገበይባት የቅፍለት ከተማ ነበረች፤ ካሴቱም ከሌላው ሸቀጥ ጋር በዚያው የነጋዴ መንገድ ወጣ። በየከተማው የተከፈቱት ሙዚቃ ቤቶች ሁለት ዓይነት ካሴት ይሸጡ ነበር፤ ኦሪጅናልና ኮፒ። ከዚህ ሌላ ባዶ ካሴት ይዞ ሄዶ የሚወዱትን ዘፈን እየመረጡ ማስቀዳት የተለመደ ነበር። ደንበኛው ይከፍላል፤ ክፍያው ግን ለባዶው ካሴትና ለቀጂው እንጂ ለድምፃዊው አይደርስም። እዚህ ላይ አሮጌው ሥርዓት ተዛባ። ብራናውን የገለበጠው ጸሐፊ የራሱን ወራት ድካም ሸጧል፤ ካሴት ቀጂው የሸጠው የሌላውን ድካም ነው። ልማዱ ግን ሁለቱን ለይቶ ለማየት ጊዜ አላገኘም።

ሁሉም ያልተፈቀደ ዝውውር በደል ነበር ማለትም አይቻልም። የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ በመንግሥት ትእዛዝ ከገበያ ሲሰበሰብ መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ቀጠለ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉን ደብቆ ያዋሰና ያነበበ ሰው ደራሲውን አልጎዳም። ሊያጠፉት ከፈለጉት እጅ ሥራውን አዳነለት።

አሁን የሚሠራበት ሕግ መሠረቱ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የሥራው ባለቤት ተብሎ በስሙ የመጠራት መብቱም በሕግ ታውቋል፤ ብራና ላይ በግዝት የተጠበቀው ነገር በነጋሪት ጋዜጣ ሰፈረ ማለት ነው። አዋጁ መጀመሪያ ሲወጣ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግግ ነበር። ለግል ጥቅም የሚወሰድን ነጠላ ቅጂ ሲፈቅድ ሙሉ መጽሐፍን መገልበጥ ግን ከፈቃዱ አወጣ። ለማስተማርና ለቤተ መጻሕፍት አገልግሎትም የተወሰነ በር ክፍት አድርጓል።

የአዋጁ ጥበቃ በዋናነት የሚያርፈው በኢትዮጵያውያንና በነዋሪዎች ሥራ ወይም መጀመሪያ በኢትዮጵያ በታተመ ሥራ ላይ ነው። ሲወጣ አገሪቱ የበርን ስምምነት አባል ስላልነበረች በየቪዲዮ ቤቱ የሚታየው የሆሊውድና የሕንድ ፊልም በአብዛኛው ከሕጉ ጥላ ውጭ ቀረ። ስለዚህ ጉዳዩ ለሕሊና የተተወ ሆነ፤ ሕሊናም ሩቅ ላለ ባለሀብት ኩባንያ አይራራም። በአማርኛ ተራኪ ድምፅ የሚቀርበው ትርጉም ፊልም ችግሩን በግልጽ ያሳያል። ተራኪው ፊልሙን ያለ ፈቃድ ወስዶ የራሱን ድካም ይጨምርበታል፤ ዲስኩ ገበያ ሲወጣ ደግሞ እሱም ይቀዳበታል። በደሉ በራሱ ላይ ሲደርስ የጮኸው ተራኪ የመጀመሪያውን በደል ሲያስታውስ ብዙም አይሰማም። የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎችም ቅጂን በመፍራት ፊልማቸውን ለረጅም ጊዜ በሲኒማ ቤት ብቻ ማሳየትን መርጠው ነበር። ከትልልቆቹ ከተሞች ርቆ በዋግ ላለ ተመልካች ይህ ማለት ፊልሙ በሕጋዊ መንገድ ጭራሽ አይመጣለትም ማለት ነው። መግዣ የሌለውን ነገር የቀዳና ከሱቅ መደርደሪያ ላይ እያየው የቀዳ ሰው በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም።

ሚሞሪ ካርድ የመቅጃውን ዋጋ ወደ ምንም አወረደው። በየከተማው አንድ ኮምፒዩተር ያለው ሱቅ ለጥቂት ብር መቶ ዘፈን ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ በብሉቱዝ፣ በሼርኢት፣ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ በነፃ ይሄዳል። ሱቁና ጓደኛው ግን አንድ አይደሉም። ጓደኛ ለጓደኛ ሲልክ ማዋስን የለመደ ባህል እየቀጠለ ነው፤ ገንዘብም አልተሰበሰበም። ሱቁ ግን በየቀኑ ከዘፈኑ ገቢ ያገኛል፣ ድምፃዊው በዚያ ገቢ ውስጥ የለበትም። አዝማሪውን በነፃ ማጫወት ነውር በሆነበት አገር ይህ እንደ ተራ ንግድ መታየቱ ሊያስቆጭ ይገባል።

በመጻሕፍት በኩል የአንባቢዎች ሕሊና ደረጃ አበጅቷል። ከገበያ የጠፋ፣ ዳግም ያልታተመ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ቢገኝ ደስ ይላል፤ ሰቆጣ ላለ ተማሪ ከ700 ኪሎ ሜትር ርቀት ቤተ መጻሕፍት የመጣለት ያህል ነው። በሕይወት ያለ ደራሲ ራሱ ገንዘብ ተበድሮ ያሳተመው አዲስ መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ቻናል ሲለቀቅ ግን የደራሲው ቀጣይ መጽሐፍ ማሳተሚያ ጠፍቷል። አንዳንዱ ቻናል የራሱን አርማና አድራሻ በየገጹ ላይ ሲያትም የአስጻፊውን ስም ፍቆ የራሱን ከጻፈው ሰው ይመደባል፤ የጥንቱ ግዝት ይህንን ያውቀዋል።

በሶፍትዌር በኩል ችግሩ በከፊል የተፈታው ያለ ቅጣት ነው። የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች ለዓመታት ያለ ክፍያ ሲገለበጡ ኖረዋል፤ ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከገባ በኋላ ነፃ መጻፊያዎች ሲበዙ ብዙ ሰው መስረቅ የሚያስፈልገው ምክንያት አጣ። በሙዚቃም ተመሳሳይ ጥረት ተደርጓል። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ያስጀመሩት አውታር የስልክ መተግበሪያ አድማጩ በቀጥታ ለዘፈኑ እንዲከፍል በር ከፈተ። ይህ መንገድ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። በዋግ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዓመታት ግንኙነት ተቆራርጧል፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። በእነዚያ ወራት ለመክፈል የፈለገ አድማጭም የሚከፍልበት አልነበረውም፤ ሚሞሪ ካርዱ ብቻ ሠራ።

ከሁሉም ይልቅ ጥያቄው የሚጠብበት በዋግ አገዎች ቋንቋ በኽምጣጋ የሚዘፈነው ሙዚቃ ነው። በ1999 ቆጠራ የዋግ ኽምራ ዞን ሕዝብ 426 ሺህ ያህል ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ብዙው አማርኛ ተናጋሪ ነው። በኽምጣጋ የሚዘፍን ሰው ገበያው ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ያልተከፈለበት ቅጂ ከአማርኛ ዘፋኝ ይበልጥ ይጎዳዋል፤ በሌላ በኩል የአየር ሰዓቱ ጥቂት ለሆነ ቋንቋ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ዘፈን ከማናቸውም ሥርጭት ይበልጥ ይደርሳል። የሕዝቡ የራሱ ዜማ ደግሞ ከዚህ የባሰ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ዜማው የታወቀ ደራሲ የለውምና ከሠርግና ከበዓል ላይ በስልክ የተቀዳ የዋግ ዜማ በአዲስ አበባ ስቱዲዮ ተሰናድቶ ሲወጣ የአቀናባሪው ስም ይመዘገባል። የዘፈነው አዝማሪና የመጣበት መንደር ስም ቀረጻው ሲሠራ አብሮ ካልተጻፈ በኋላ ማንም ሊጠይቅለት አይችልም።